ኩራሳው ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ኔዘርላንድስ ያላችሁ አንባቢዎች ስለ ኩራሳው ደሴት ደጋግማችሁ ጽፋችሁልኛል። የመጡትን ጥያቄዎች አሳጥሬ መልሻለሁ።

የቧንቧ ውሃው ይጠጣል ወይ?

ይጠጣል። ጨው የወጣለት የባሕር ውሃ ነው።

በመስከረም ሀሪኬን አያሰጋንም?

ደሴቷ ለቬኔዝዌላ ቅርብ ናት፤ ሀሪኬኖቹ ከሚያዘወትሩት መንገድ በስተደቡብ ስለሆነች እምብዛም አትመታም።

የሼንገን ቪዛ ይዤ መግባት እችላለሁ?

ኩራሳው የኔዘርላንድስ ንጉሣዊ ግዛት አካል ብትሆንም ሼንገን ውስጥ የለችም፤ ለብቻው የሚጠየቅ የካሪቢያን ቪዛ አለ። ነፃ የሚደረጉም አሉ፤ የእርስዎን ጉዳይ የኔዘርላንድስ ኤምባሲን ይጠይቁ።

አንድ አባወራ ደግሞ ከነልጆቻቸው እየሄዱ ነው። ባለቀለሞቹን ቤቶችና ክኒፕ የተባለውን ባሕር ዳርቻ ማየት ይበቃናል፣ የባርነቱ ታሪክ ዕረፍታችንን አያበላሽብን፣ ፎቶ የሚያምርበትን ሰዓት ብቻ ንገረን ይላሉ።

ቤቶቹን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል፣ ከወደቡ ማዶ ካለው ኦትሮባንዳ ከተባለው ሰፈር ሆነው ያንሡ። በታሪኩ ግን አልስማማም። ሆላንዶች ደሴቷን እ.ኤ.አ. በ1634 ከስፔን ከነጠቁ በኋላ ቤቶቹ ያሉበት የዋና ከተማዋ የቪለምስታድ ወደብ ከአፍሪካ ተግዘው የመጡ ሰዎች የሚራገፉበትና ለስፔን ቅኝ ግዛቶች የሚሸጡበት ገበያ ሆነ። ቤቶቹ ከዚህ ተለይተው አይታዩም። ክኒፕም የእርሻ ስም ነው፤ የባለርስቱ ቤት ዛሬም ከባሕር ዳርቻው ብዙ ሳይርቅ ኮረብታ ላይ ቆሟል። ኦገስት 17 ቀን 1795 በዚያ እርሻ በባርነት የተያዘ ቱላ የሚባል ሰው ጓደኞቹን አስከትሎ ለጌታቸው ከእንግዲህ አንሠራም አለ። ሊያግባባ ለተላከው ቄስ የሰጠው ምክንያትም ግልጽ ነበር፤ ፈረንሳይ ባሮቿን ነፃ አውጥታለች፣ ሆላንድ ደግሞ በፈረንሳይ እጅ ወድቃለች፣ እንግዲያው እኛም ነፃ ልንሆን ይገባል። አንድ ወር ያህል ከተዋጉ በኋላ ቱላ ተያዘ፤ ኦክቶበር 3 ቀን በጭካኔ አሰቃይተው ገደሉት። ባርነት የተሻረው በ1863 ነው። የኔዘርላንድስ መንግሥት የቱላን ስም በይፋ ያደሰው ደግሞ በ2023፣ ትናንት በሚባል ጊዜ ነው።

ልጆችዎ የሚማሩት እዚያው ኔዘርላንድስ ነው፤ ይህ የሚኖሩባት አገር ታሪክ ነው። ኮረብታው በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። መጀመሪያ እዚያ ይውጡ፣ የሚጠይቁዎትን ይመልሱላቸው፣ ከዚያ ይዋኙ። እለምንዎታለሁ።

የጾም ምግብ አገኛለሁ?

ፉንቺ የሚባል የበቆሎ ገንፎ አላቸው። ቅቤ ስለሚገባበት ያለ ቅቤ ብለው ይዘዙ።

አስም አለብኝ፤ በአየር ጋን ጠልቄ መዋኘት ፈልጌያለሁ፤ ቀለል ያለ ነው፣ ግዴለም አይደል?

ግድ አለው! አስም ያለበት ሰው ሳንባው ውስጥ አየር ታፍኖ ወደ ላይ ሲወጣ ሊሞት ይችላል። ከመነሳትዎ በፊት የጠላቂዎችን ጤና የሚያውቅ ሐኪም ይመርምርዎት፤ አይሆንም ካለ ይቅር። ከአስተማሪው ቅጽ ላይ አስሙን መደበቅ ራስን መግደል ነው። የተፈቀደለትም ሰው ቢሆን ለመጨረሻ ጊዜ ጠልቆ ከወጣ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ አውሮፕላን አይሳፈር።