«ሉሲክ»፣ «ሉሲች» ወይስ «ሉቺች»?

ጥያቄ፦ ስለ ክሮኤሽያ ጸሐፍት ሳነብ ሐኒባል ሉሲክ የሚባል ገጣሚና ኢቫን ሉሲክ የሚባል ታሪክ ጸሐፊ አገኘሁ። ጓደኛዬ «ሉሲች ነው የሚባለው» ብሎ አረመኝ። የቱ ነው ትክክል? የሁለቱስ ስም አንድ ነው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ግማሹን አግኝተውታል። መጨረሻው «ች» ነው፤ «ክ» የመጣው የላቲኑን ፊደል በእንግሊዝኛ ልማድ ከማንበብ ነው። የኳስ ጋዜጠኞቻችን ሞድሪች፣ ራኪቲች እያሉ ይህን ካቃኑት ቆይተዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል።

«ኢች» የማሳነሻና የልጅነት ምዕላድ ነው። ሉካ፣ ማለትም የእኛው ሉቃስ፣ «ኢች» ሲቀጠልበት «ከ»ው በ«ኢ» ፊት ላንቃዊ ሆኖ «ሉቺች» ይሆናል፤ የሉቃስ ልጅ እንደማለት። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የግዕዙ «ክህለ» በአማርኛ «ቻለ» ሆኗል፤ «ቤትኪ»ም «ቤትሽ»። በዚህ ስም የሚጠራው በክሮኤሽያ የባሕር ዳርቻ ያለችው የትሮጊር ከተማ ታሪክ ጸሐፊ (እ.ኤ.አ. 1604–1679) ነው። ስለ ዳልማትያና ክሮኤሽያ መንግሥት በላቲን የጻፈው ታሪክ በ1666 በአምስተርዳም ታትሟል። በላቲን ስሙ ሉክዮስ ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ላይ ያለው የቀሬናው ሉክዮስ ስም ማለት ነው። የገዛ አገሩ ሰዎችም አንዳንዴ ስሙን እንደ ገጣሚው አድርገው ይጽፉታል፤ ግራ መጋባቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም።

ገጣሚው የህቫር ደሴት ሰው ነው። በቱርኮች ተማርካ በዱብሮቭኒክ ለገበያ ስለቀረበች የመኳንንት ልጅ የጻፈው ተውኔት ከሞተ በኋላ በ1556 በቬኒስ ታተመ። የእርሱ ስም መካከል ያለው ድምፅ «ስ»ም «ች»ም አይደለም፤ «ት» እና «ስ» ተጣብቀው የሚወጡበት ነው። እኔ «ሉጺች» ብዬ እጽፈዋለሁ።

«የውጭ ስም እንግሊዝኛው እንደሚያነበው ይጻፍ፤ አንባቢው የለመደው ያንን ነው» የሚል ወገን አለ። በዚህ አካሄድ ሉቃስን «ሉክ»፣ ዮሐንስን «ጆን» ልንል ነው! ፊደል የሌለን ይመስል። ክሮኤሽያዊው የቋንቋ ሰው ልዩዴቪት ጋይ በ1830 ለክሮኤሽያኛ አጻጻፍ ሲደነግግ ለ«ች»፣ ለ«ሽ» እና ለ«ዥ» ከቼክኛ የወሰደው ፊደል አናት ላይ ምልክት የማኖርን ዘዴ ነው። የእኛ ሊቃውንት ከእርሱ እጅግ ቀድመው ከ«ተ» «ቸ»ን፣ ከ«ሰ» «ሸ»ን፣ ከ«ዘ» «ዠ»ን ያወጡት በዚሁ ዘዴ ነው። በዚህ ረገድ ክሮኤሽያኛን ከእንግሊዝኛ ይልቅ የእኛ ፊደል ይመጥነዋል።

«ጸ» ፈንጂ (እንደ «ጠ» እና «ቀ» ፈንድቶ የሚወጣ) ድምፅ ነው፣ የክሮኤሽያኑ ግን አይደለም የሚለኝ ሰው እውነት አለው። ብዙ ሰው «ጸ»ን «ጠ» ብሎ እንደሚያነበውም አውቃለሁ። በድምፅ ብቻ ከተመዘነ «ሉትሲች» ይቀርባል። ይሁንና ለአንድ ድምፅ ሁለት ፊደል መደርደር አልወድም፤ ለዓይን ይከብደኛል። ይኸው ድምፅ በ«ፒዛ» እና በ«ሞዛርት» ወደ «ዘ» ዞሮ ቀርቷል፤ እያዘንኩም ቢሆን ተቀብዬዋለሁ፤ ማንም አይመልሰውም። ነገ «ሉሲች» እንዲሁ ቢጸና አልከራከርም።

እስከዚያው ታሪክ ጸሐፊውን «ሉቺች»፣ ገጣሚውን «ሉጺች» ብለው ይጻፉ። «ሉሲክ»ን ግን ባገኙበት ይሰርዙልኝ።