ማመስገን ስላቃታት እህትና ሌሎች የሰሞኑ ጥያቄዎች

የተከመረውን መልእክት ዛሬ ላቃልለው ብዬ ቁጭ ብያለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ አትቀየሙኝ።

የምስጋና ደብተር ማታ ነው ጠዋት የሚጻፈው? አንድ ቀን ከዘለልኩስ ይበላሻል?

ደስ ባለሽ ሰዓት ጻፊ፣ አይበላሽም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ እነ ኤመንስ በ2003 እ.ኤ.አ ባወጡት ጥናት እንኳ በመጀመሪያው ሙከራ ምስጋና እንዲጽፉ የተመደቡት በሳምንት አንዴ እስከ 5 ነገር ነበር የሚጽፉት። ቆንጆ ደብተር ፍለጋ ሞል ለሞል መዞሩን ግን ተይው።

ከሜሪላንድ የጻፈችልኝ እህት እናቷ ካረፉ ከ7 ወር በኋላ ነው መርዶ የሰማችው። የመኖሪያ ወረቀቷ ስላላለቀ ሄዳ መቅበር አትችልም፣ የምትኖረውም ብቻዋን ነው፣ ስለዚህ ቤተሰብ ደበቃት፤ በደወለች ቁጥር «ተኝታለች»፣ «ጠበል ሄዳለች» እያሉ። አሁን ደግሞ የመጣው ሁሉ «ትልቅ ሰው ናቸው፣ ተመስገን በይ» ይላታል። ማመስገን አቃተኝ፣ እምነቴ ነው ወይ የጎደለው ትላለች።

አልጎደለም የኔ እህት። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ጥድፊያ ነው፣ ገና እንባው ሳይደርቅ ሰውን አመስግን ብሎ አፉን ማስያዝ። አባቶቻችን እኮ እንዲህ አልቸኮሉም፣ ሣልስት አሉ፣ 40 አሉ፣ 80 አሉ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ ከዛም 7 ዓመት፤ ሐዘን ተመልሶ እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ቀን ቆርጠው ጠበቁት። አንቺ ግማሹ ቀን ያላንቺ አልፎብሻል፣ ያንቺ ሐዘን የጀመረው በርሽ የተንኳኳ ጠዋት ነው፣ ከዛ ቁጠሪ። ለቅሶም ተቀመጪ፣ ዘገየ ብለሽ አትፈሪ። የደበቁሽ ፈርተውልሽ ነው፣ ሥራ ቦታ ብትሰሚው ማን ይይዝሻል ብለው፤ ግን 7 ወር በዝቷል፣ ተናደጂባቸው፣ መብትሽ ነው።

ከዛ ድፍረት የሚጠይቀውን ስልክ ደውዪ። ለወንድምሽ አይደለም፣ እናትሽን እስከ መጨረሻው ላስታመመች ጎረቤት። ምን ትበላ ነበር፣ ማን ያገላብጣት ነበር፣ ማንን ጠራች፣ ሁሉንም ጠይቂ። ገላዋን ማን እንዳጠበላት በስም ስትሰሚ ምስጋናው ማንም ሳያዝሽ ይመጣል፣ ለዛች ሴትዮ። ባይመጣም ግድ የለም።

አንድ ነገር ግን ቀለል አድርጌ አላልፍም። መጨረሻ ላይ «አንዳንዴ እሷ ጋ ብሄድ እላለሁ» ብለሻል። ይሄን ዛሬውኑ፣ ነገ ሳትዪ፣ ለባለሙያ ንገሪ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ሐሳብ የመጣበት ሰው የሚደውልበት 988 የሚባለው ስልክ ቀንም ሌሊትም ይነሳል፣ እንግሊዝኛው ከከበደሽ አስተርጓሚ ብለሽ ጠይቂ። ለንስሐ አባትሽም ንገሪ፣ ግን በባለሙያው ምትክ አይደለም፣ ለሁለቱም። ሌሊቱን አብራሽ የምታድር ጓደኛም ጥሪ። ደውለሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።

ከካዛንቺስ ተነስተው ገላን ጉራ የገቡ አባት፣ ቤቱ ጥሩ ነው፣ ሽንት ቤቱም ውስጥ ነው፣ ግን ሰፈሩ ተበትኖ እድሩም ላላ፣ በ67 ዓመቴ የማላውቀውን ሰው በር ማንኳኳት አፈርኩ፣ ቤት ተሰጥቶኝ እያማረርኩ ምስጋና ቢስ ሆንኩ ወይ ብለዋል።

አልሆኑም ጋሼ። ቤት ማግኘትና ሰፈር ማጣት ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ አንዱ አንዱን አይክስም። የድሮውን እድር መዋጮ አያቋርጡ፣ ቀብር የሚወጣ ሰው በአንድ ቀን አይገኝም። ብሎኩ ላይ አዲስ እድር ካለ መግቢያውን ከፍለው መዝገብ ላይ ይስፈሩ፣ ከሌለ ደግሞ እርስዎ ይጥሩት፣ ላይኛውም ታችኛውም ፎቅ ያለው ሰው እንደርስዎ አፍሮ በሩን ዘግቶ ነው የተቀመጠው። ቡና አስፈልተው የመጀመሪያውን በር ያንኳኩ። ድንኳንና ብረት ድስቱ ቀስ ብሎ ይገዛል።

ጡረታ ወጥቼ ቤት ከዋልኩ 3 ወር ሆነኝ፣ ባለቤቴ ወጥ ቤት አትግባብኝ ትላለች፣ ተስፋ ቆረጥኩ፣ ጉልበቴንም ያመኛል።

እውነቷን ነው፣ ወይ ሽንኩርቱን ይክተፉ ወይ ይውጡ። ለጉልበቱ ሐኪም ይዩ።