ቀዩ ሶኬት ሲሞቅ

ጥያቄ፦ «የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። የመላጊያ ማሽኔ ስፒና ባለ 5 እግር፣ ቀይ፣ ባለ 32 አምፔር ነው። ሥራ ሲበዛ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል፤ አንዱ እግር ጠቁሯል። ማሽኑም አንዳንዴ ሳይዞር ያጉረመርማል። ሞተሩ ይሆን?»

ሞተሩ አይመስለኝም። የአንድ እግር መጥቆርና የሞተር ማጉረምረም አብረው ከመጡ አንዱ ፌዝ (መብራት ከሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች አንዱ) ሶኬቱ ጋ እየላላ ነው። ሞተሩን ለማስጠምጠም ከመውሰድዎ በፊት ሶኬቱን ይፍቱት።

ማሽኑን በራሱ ማጥፊያ ማጥፋት አይበቃም፤ ሶኬቱ ውስጥ ያኔም 380 ቮልት አለ። ብሬከሩን አውርደው ይቆልፉት። ቴስተሩን መብራት እንዳለው በሚያውቁት ቦታ ሞክረው፣ ሦስቱን ፌዞች እርስ በርስ፣ ከኒውትራልና ከኧርዝ ጋር ይለኩ፤ ጨርሰው ቴስተሩን ዳግም ይሞክሩት።

ሲከፍቱት ቀድሞ «የተጠገነ» ነገር ሳያገኙ አይቀሩም፦ ቀዳዳው ውስጥ እንዲገባ ከሽቦው ክር የተቀነሰለት፣ ብሎኑ ላስቲኩን የነከሰበት፣ ወይም ጫፉ በሊድ የተበየደ። በሊድ የተበየደ ጫፍ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ሊዱ ከብሎኑ ጫና ሥር ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ብሎኑም ይላላል። መዳቡ የሚያበራበት ድረስ ይቁረጡት፤ የጫፍ ቱቦ (የሽቦውን ክሮች አንድ ላይ የሚይዝ ትንሽ የብረት ቱቦ) አልብሰው በመጭመቂያ ይጭመቁት። ለ32 አምፔር 6 ካሬ ኬብል ይጠቀሙ። ናስትሮ የጠቆረን ነገር አያድንም።

ሙቀቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። መጋጠሚያው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ፣ በመጋጠሚያው ተቃውሞ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ደህና መጋጠሚያ 1 ሚሊ ኦም ቢኖረው፣ 20 አምፔር ሲያልፍበት 0.4 ዋት ብቻ ይሞቃል፤ አይሰማዎትም። ላልቶ 50 ሚሊ ኦም ከደረሰ ግን 20 ዋት ይሆናል፤ ትንሽ የሊድ መበየጃ ፕላስቲክ ውስጥ ዘግተው እንደተዉ ይቁጠሩት። ሙቀቱ ብረቱን ያዝገዋል፣ የሴቴውን መጋጠሚያ የመጨበጥ ጉልበት ይገድለዋል፤ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ሙቀቱም እንደገና ይብሳል። ስለዚህ ስፒናውን ብቻ አይቀይሩ። የላላው ሴቴ አዲሱን እግር ያቃጥለዋልና ሁለቱንም በአንድ ቀን ይለውጡ።

ሲገዙ ማግኔት ይዘው ይሂዱ። ጥሩ እግር ናስ ነው፤ ኒኬል የተቀባ ከሆነ በጥቂቱ ሊሳብ ይችላል። ማግኔቱ ጥብቅ አድርጎ ከያዘው ግን ቅብ ብረት ነው፤ ይመልሱት። የሚያናድደኝ ይሄ ርካሽ ዕቃ ነው፦ አይኢሲ 60309 (የእነዚህ የኢንዱስትሪ ሶኬቶች ዓለም አቀፍ ደረጃ) የሚል ጽሑፍ ታትሞበት፣ ውስጡ ብረት፣ አካሉ ሲሞቅ የሚላላ ፕላስቲክ። እግሮቹን የያዘው ክፍል 850 ዲግሪ በጋለ ሽቦ ሲነካ እሳት ይዞ የማይቀጥል መሆን አለበት። ሰጋቱራ ባለበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ዕቃው ላይ የሚጻፈው አይፒ ቁጥር አቧራና ውሃ ምን ያህል እንደሚከለክል ይናገራል። አይፒ 44 የሚከለክለው ከ1 ሚሊ ሜትር የሚበልጠውን ነው፤ ደቃቁ ሰጋቱራ ይገባል። እርስዎ አይፒ 67 ይግዙ፣ ቀለበቱንም እስከ መጨረሻው ያጥብቁ።

ከገጠሙ በኋላ ማሽኑ እንጨት እየላገ ሳለ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር በሚለካው) ሦስቱን ፌዞች አንድ በአንድ ይለኩ። መቀራረብ አለባቸው። አንዱ ዜሮ ሆኖ ሁለቱ ከፍ ካሉ ወዲያው ያጥፉ፤ ሞተር የሚቃጠለው ያኔ ነው። ስፒናውንም ማሽኑ እየሠራ አይንቀሉ።

አዲሱም ከሞቀ የብሬከሩን ብሎኖች ይፈትሹ። ብሬከሩ ወርዶም ቢሆን መብራት የሚገባበት ጫፍ 380 ቮልት እንደያዘ ነው፤ ዋናውን ብሬከር ሳያወርዱና ሳይለኩ ካቻቢቴ አያስጠጉ።