ልብስ የለበሰው ድንጋይ

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ሳቄ ካለፈልኝ በኋላ። ስለ አክሱም ሐውልቶች የተጻፈ የእንግሊዝኛ ምዕራፍ ስታነቢ «ድረስድ ስቶን» የሚል ገጠመሽ፤ መዝገበ ቃላት ገለጥሽና «ልብስ የለበሰ ድንጋይ» ብለሽ ደብተርሽ ላይ አሰፈርሽ፤ ጓደኛሽ አይታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አንቺ ግን ሌሊቱን ቁጭ ብለሽ «ጋሼ፣ ይህ ትምህርት የእኔ አይመስለኝም» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ላሳጥረው። ጸሐፊዋ የቡታጅራ ልጅ ናት፤ የአርኪዮሎጂና የቅርስ አስተዳደር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ። 40 ገጽ ለማንበብ አራት ሌሊት ፈጅቶባት 112 ቃላት አስምራበታለች፤ ከእነዚያ ሃያውን ልካልኛለች። ሪያድ በሾፌርነት የሚሠራው ታላቅ ወንድሟ ወጪዋን ይሸፍናል። «ድንጋይ ቆጥሮ ያለፈለት ሰው አላየሁም፤ ወይ ወደ ሒሳብ አያያዝ ቀይሪ፣ ወይ አንድ ሴሚስተር አቋርጪና እንግሊዝኛ ተማሪ፣ እከፍላለሁ» ብሏታል። ሥራ አገኛለሁ ወይ፣ ሴት ቁፋሮ ላይ ትፈለጋለች ወይ፣ ክፍል ውስጥ መናገር አፍራለሁ የሚሉም አሉበት። እነርሱን መጨረሻ ላይ አነሣቸዋለሁ። እኔን የያዘኝ የቃላቱ ነገር ነው፤ ስንት ጎበዝ ልጅ በዚህ በር ሲወጣ አይቻለሁ።

እህቴ፣ በመጀመሪያ ድንጋዩን ልብሱን እናውልቅለት። «ድረስድ ስቶን» ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ፊቱ በመዶሻና በመሮ ተስተካክሎ፣ ጠርዙ ወጥቶለት፣ ከጎረቤቱ ድንጋይ ጋር እንዲገጥም የተዘጋጀ። መንገድ ዳር ኮብልስቶን የሚጠርቡትን ልጆች አንድ ቀን ቆመሽ ተመልክተሻቸው ታውቂያለሽ? ድንጋዩን ያገላብጡታል፣ የሚሰነጠቅበትን በዓይናቸው ይፈልጋሉ፣ አንድ ጊዜ ይመቱታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ማስተካከል ነው። ያ ማስተካከል ነው እንግሊዞቹ «ድረስ» የሚሉት። ይህን አንዴ ያየ ሰው ቃሉን ሁለተኛ አይረሳውም፤ ያላየ ሰው ግን መቶ ጊዜ ቢጽፈው ድንጋዩን ካፖርት ሲያለብስ ይኖራል።

የላክሽልኝን ሃያ ቃላት ይዤ ተቀመጥኩ። አሥራ አንዱን እናትሽ ታውቃቸዋለች። «ሸርድ» ያልሽው ገል ነው። እናትሽ እንስራ ሲሰበርባት ገሉን አንሥታ ከጎረቤት እሳት ጭራበት ታውቅ ይሆናል፤ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ዕድሜውን የሚፈጀው ያንኑ ገል ሲለቅምና ሲያጥብ ነው። «ኳሪ» ካባ ነው፤ የድንጋይ ካባ የማያውቅ የአዲስ አበባ ግንበኛ የለም። «ዌጅ» ሽብልቅ ነው። ከአክሱም በስተምዕራብ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጎቦድራ የሚባል ኮረብታ አለ፤ ሐውልቶቹ የተፈለጡት እዚያ ነው። ዓለቱ ላይ የሽብልቅ ቀዳዳዎች ተደርድረው ዛሬም ይታያሉ። በልጅነቴ ጣቴን እየከተትኩ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ቀዳዳው እንደ ክብሪት ቀፎ አራት ማዕዘን ነው፤ መስመሩ እንደ ልብስ ስፌት ቀጥ ብሎ ይሄድና ድንገት ያበቃል፤ ጠራቢው ወይ ሐሳቡን ቀይሯል ወይ አልቀናውም። «ኳሪ»ን እና «ዌጅ»ን የተማርኩት እዚያ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ሳገኛቸው ስማቸውን ብቻ ነበር የማላውቀው።

መምህራችሁ ለማነጻጸሪያ እንግሊዝ አገር ስላለው የጥንት የድንጋይ ክብ፣ ስለ ስቶንሄንጅ፣ እንድታነቡ ማዘዙ ጥሩ ነው። እዚያ «ትራይሊቶን» የሚል አስምረሻል። ኦሪት ዘጸአትን ካነበብሽ ቃሉ በእጅሽ ነው፤ እስራኤላውያን ደሙን የቀቡት በሁለቱ መቃንና በጉበኑ ላይ ነበር። ሁለት ድንጋይ እንደ መቃን ቆሞ አንዱ ከላይ እንደ ጉበን ሲጋደም ትራይሊቶን ይባላል፤ ጉበኑ ደግሞ «ሊንቴል» ነው። የሚገርመው፣ እነዚያ ሰዎች ድንጋዩን እንደ እንጨት ነው የገጠሙት፤ የቆመው አናት ላይ ጉጥ ትተው፣ የተጋደመው ሆድ ላይ ጉድጓድ ፈልፍለው አጎራረሱት። በአማካይ 20 ቶን የሚያልፍ ድንጋይ በአናጢ ዘዴ! ትራይሊቶን ሲፈታ ግሪክኛ ነው፤ «ሊቶስ» ድንጋይ ማለት ነው። ይህን አንድ ሥር ከያዝሽ ሜጋሊዝ ትልቅ ድንጋይ፣ ሞኖሊዝ አንድ ወጥ ድንጋይ፣ ኒዮሊቲክ አዲሱ የድንጋይ ዘመን፣ ፓሊዮሊቲክ አሮጌው የድንጋይ ዘመን እየሆኑ በተራ ይወድቁልሻል። ጠረበን የምታውቅ ልጅ ጥርብን፣ ጠራቢን፣ መጥረቢያን ማን ያስተምራታል?

እንደ «ድረስድ» ሁሉ የሚያስቱት ታናናሾቹ፣ ሰው የሚያውቃቸው የሚመስሉት ቃላት ናቸው። «ባንክ» የሚለው ከላክሽልኝ ቃላት ውስጥ የለም፤ ስቶንሄንጅ ዙሪያ ባንክ አለ ሲል ገንዘብ ቤት አይደለም፤ ከቦዩ ወጥቶ የተከመረው የአፈር ግድብ ነው። ይህ እንኳ የራሱ ጉድ አለው፤ «ሄንጅ» የሚባለው ዓይነት ግንባታ ቦዩ ከውስጥ፣ የአፈሩ ክምር ከውጭ ሲሆን ነው፤ ስቶንሄንጅ ግን ተገልብጦ ቦዩ ከውጭ ነው። ለዘመዶቹ ሁሉ ስም አውጥቶ ራሱ በስሙ አይጠራም። የአክሱሙ ትልቅ ሐውልት ደግሞ አሜሪካኖች ሲጽፉ «ቲርቲን ስቶሪስ» ይሉታል፤ ባለ 13 ፎቅ ለማለት ነው፤ አሥራ ሦስት ተረት ብሎ የተረጎመ ተማሪ አስተምሬያለሁ። «መንኪ ሄድ» ሲልም ዝንጀሮ አትፈልጊ። በአክሱም ግንብ ከድንጋዩ ወጣ ብሎ የሚታየው የተሻጋሪ እንጨት ጫፍ ነው፤ ሐውልቶቹ ላይ ያንኑ በድንጋይ ቀርጸውታል።

ሐውልት የሚለው የራሳችን ቃልም ይፈትንሻል። አራዳ ላይ በፈረስ የተቀመጡት ምኒልክ ሐውልት ናቸው፤ ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 መታሰቢያም ሐውልት ነው፤ አክሱምም፣ በቡታጅራ መንገድ ያለው የቲያ ድንጋይም ሐውልት ነው። እኛ በአንድ ቃል እንግባባለን፤ እንግሊዝኛው የአርኪዮሎጂ ጽሑፍ ግን ይለያያቸዋል። የሰው ምስል ሲሆን «ስታቹ» ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ እየቀጠነ ሄዶ አናቱ እንደ ፒራሚድ ሲሾል «ኦቤሊስክ» ነው፤ ግሪኮች የግብፁን ሲያዩ ትንሽ የሥጋ መጥበሻ ሽቦ ብለው ያወጡለት ስም ነው። ቆሞ የተተከለ፣ ምልክት ወይም ቅርጽ ያለበት ድንጋይ «ስቴላ» ነው። የአክሱሞቹ አናታቸው ክብ ስለሆነ ስቴላ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 በሦስት ቁራጭ የተመለሰውን ሐውልት ጋዜጦች ሁሉ ኦቤሊስክ ሲሉት ኖረዋል፤ የሙያ ጽሑፍ ላይ ግን ስቴላ ብለሽ ጻፊ። ፈተና ላይ ኦቤሊስክ ብትዪ ነጥብ የሚቀንስብሽ መምህር ካለ እኔ ከእርሱ ጋር ነኝ።

አሁን አንድ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። ዘጠኝ ዓመት አክሱም ላይ አስጎብኚ ነበርኩ። 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት ያለው ትልቁ ሐውልት ወድቆ ተሰባብሮ የተኛበት ቦታ ላይ ቆሜ፣ «ለብዙ መቶ ዓመታት ቆሞ ኖሮ ዮዲት ጣለችው» እል ነበር፤ ስናገር ደግሞ እጄን ወደ ሰማይ እያነሣሁ ነው። አንድ ቀን አንዲት ሽማግሌ ጎብኚ ቀስ ብላ «እንዴት አወቅህ?» አለችኝ። አፍሬ ማታ መጽሐፌን ገለጥኩ። መጽሐፉ ሐውልቱ ሲተከል ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ ሳይወድቅ አይቀርም ይላል። ዓረፍተ ነገሩ ሥር እኔው ራሴ አስምሬበታለሁ፤ ያሰመርኩት ግን ክብደቱንና ርዝመቱን ነው። «ፕሮባብሊ»፣ ማለትም «ሳይሆን አይቀርም»፣ የምትለዋን ዘልያታለሁ። ከዚያ ወዲህ የማሰምረው ትናንሾቹን ነው፤ «ፕሮባብሊ»፣ «ሜይ ሃቭ» (ሊሆን ይችላል)፣ «ኢዝ ቶውት ቱ» (ተብሎ ይታሰባል)። የአርኪዮሎጂ ሰው የሚያውቀውንና የሚገምተውን የሚለየው በእነዚህ ነው። አንቺም ከላክሽልኝ ሃያ ውስጥ አንዳቸውም የሉም፤ አውቃቸዋለሁ ብለሽ ነዋ።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። «ቢፒ» ከዛሬ በፊት ማለት ነው፤ ዛሬ የሚባለው ግን አንቺ የምታነቢበት ቀን ሳይሆን እ.ኤ.አ. 1950 ነው፤ እዚያ ላይ ቆሟል። ዕድሜ የሚለካበት የካርቦን ምርመራ ደግሞ የድንጋዩን ዕድሜ አይናገርም። ቲያ ላይ ከድንጋዮቹ ሥር መቃብሮች ወጥተዋል፤ የሚለካው አጥንቱና ከሰሉ ነው። ስለዚህ «አሶሺዬትድ» (አብሮ የተገኘ) የሚል ቃል ስታገኚ ቁሚ፤ አጥንቱና ድንጋዩ አብረው ናቸው መባሉ ራሱ ክርክር ነው።

እንግዲህ ሴሚስተር አቋርጠሽ ቋንቋ ትምህርት ቤት ትግቢ? በፍጹም። እዚያ የሚያስተምሩሽ ሆቴል ክፍል መያዝና ለቀጣሪ ደብዳቤ መጻፍ ነው፤ ስለ ሽብልቅ የሚነግርሽ የለም። 40 ገጹንም ተዪው። ስድስት ገጽ ያዢና አምስት ጊዜ አንብቢው። መጀመሪያ ሥዕሎቹንና ከሥራቸው የተጻፈውን ብቻ፤ መዝገበ ቃላት ከሦስተኛው ንባብ በፊት አትንኪ። ደብተርሽ ላይ ትርጉም በመጻፍ ፈንታ ነገሩን ሣዪ፤ ከሥሩ የአማርኛውን፣ ካገኘሽም የጉራጊኛውን ስም፣ ከዚያ እንግሊዝኛውን። ሥዕልሽ አስቀያሚ ቢሆን ግድ የለም፤ የእኔን ብታዪ ትጽናኛለሽ።

ስለ ወንድምሽ በግልጽ እናገራለሁ፤ ከተቀየምሽም ተቀየሚ። በዚያ ፀሐይ መሪ ይዞ የሚልከው ገንዘብ የክብር ገንዘብ ነው። ነገር ግን አካውንቲንግ ግቢ ሲልሽ የሚገዛው የራሱን እንቅልፍ ነው፤ ስሙን የሚያውቀው ሥራ ስለሆነ ብቻ ይቀለዋል። የሒሳብ ምሩቃንም ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ተሰልፈው አይቻለሁ፤ ሒሳብ የማትወድ የሒሳብ ምሩቅ ደግሞ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ናት። ከእርሱ ጋር ስለ ሕልም አታውሪ። መቼ ከእርሱ ገንዘብ እንደምትላቀቂ ንገሪው፤ ወር ጠቅሰሽ። ለዚህም የሚቀርብሽ መንገድ አስጎብኚነት ነው። ቲያ ከአዲስ አበባ በሚመጣው የቡታጅራ መንገድ ላይ ነው፤ ጎብኚው በቀን ደርሶ ይመለሳል። ፈቃድ ለማውጣት የሚጠየቀውን ከአካባቢሽ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ። በየእሑዱ የሚጠይቅሽ እንግዳ ከየትኛውም ትምህርት ቤት የተሻለ እንግሊዝኛ ያስተምርሻል፤ ይከፍልሻልም።

ሥራን በተመለከተ፦ ጥቂት ነው። የቅርስ ባለሥልጣን፣ የክልል ቢሮዎች፣ ሙዚየሞች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ራስሽ ትከፍቺዋለሽ። ሴት ቁፋሮ ላይ ትፈለጋለች፤ ለቁፋሮ የሚመጣ ቡድን ሲኖር መምህርሽን ቀድመሽ ጠይቂ። ዓይን አፋርነቱ ገል ስታጥቢ ከጎንሽ ካለው ሰው ጋር ማውራት ስትጀምሪ ይለቅሻል።

የፊታችን ቅዳሜ ቡታጅራ ስትሄጂ ቲያ ላይ ውረጂ። ሜትርና እርሳስ ያዢ፤ ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺው። ከተመዘገቡት 36 ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ አለባቸው፤ አንዱን ብቻ ምረጪና ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ ውፍረቱን ለክተሽ ሣዪው። ሰይፎች ይኖሩበታል። ስትጽፊልኝ መጀመሪያ የምጠይቅሽ የሰይፉ ጫፍ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች የሚለውን ነው።