የሪሞት አውሮፕላን መምረጥ በጎጃም ደጋ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ ጋሼ፣ ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ክንፉ ከላይ የተቀመጠ፣ በፎም የተሠራ፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር የሆነ ማሠልጠኛ አውሮፕላን። የክንፎቹ ጫፍ ወደ ላይ ቀና ካለ ሲያጋድል ራሱ ይቃናል። ከሁሉ አስቀድማችሁ የምታዩት ግን ክብደቱን ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ያንኑ ክብደት ለመሸከም አውሮፕላኑ በ12 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት፤ ሲያርፍም እንደዚያው ፈጥኖ ነው የሚመጣ። ስለዚህ ካሜራም ጌጥም አትጫኑበት። ፕሮፔለሩም (ሞተሩ የሚያዞረው መቅዘፊያ) የሚገፋው አየር ስለሚያንሰው ይደክማል። 10 ኢንች ከሆነ ግማሽ ኢንች ጨምሩና ሁለት ደቂቃ አብርራችሁ አውርዱ፤ ሞተሩ ግሎ ጣት የማያስቀምጥ ከሆነ የድሮውን መልሱ። ይህ ሁሉ ግን ከፈቃድ በኋላ ነው። ከውጭ ለማስገባትም ለማብረርም መጀመሪያ ፈቃድ!

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ የነዳጅ ሞተርስ? ድምፁ ደስ ይላል።

መልስ፦ አይሆንም። የነዳጅ ሞተር አየር ይፈልጋል፤ ከፍታ ላይ እሱም ፕሮፔለሩም አብረው ይደክማሉ። በኤሌክትሪኩ የሚደክመው ፕሮፔለሩ ብቻ ነው። ደግሞ በዚህ ጊዜ ሰማይ ላይ የሚያጓራ ነገር ሰምታ የማትደነግጥ እናት የለችም። ፈቃድ ቢኖራችሁም ለቀበሌውና ለአካባቢው ሰው ሳትነግሩ አታስነሱ። ከኤርፖርቱም ራቁ።

አባል (ፍኖተ ሰላም)፦ እኔ ግላይደር፣ ረጅም ክንፍ ያለውን ተንሳፋፊ፣ ነው የምል። ሞተሩን አጥፍተህ መንሳፈፍ ነው።

አባል (ቢቸና)፦ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ወስዶ ገደል ይከተዋል!

አባል (ፍኖተ ሰላም)፦ በቢቸና ነፋስ የእኛን ሜዳ አትፍረድ።

አባል (ቢቸና)፦ በቆሎው ሳይነሳ ምን ሜዳ አላችሁ?

መልስ፦ ኧረ ተዉ! ሁለታችሁም ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ አብርሩ። ግላይደር መልካም ነው፤ ነገር ግን ቶሎ አይወርድም፣ ለማረፍ ረጅም ቦታ ይፈልጋል። አዝመራ ሳይሰበሰብ የሰው እህል እንዳትረግጡ።

ጥያቄ (ሞጣ)፦ የጦር አውሮፕላን ሞዴል፣ ሙስታንግ?

መልስ፦ ለጀማሪ አይሆንም። ክንፉ ከታች ነው፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ባንድ ጎኑ ይከነበላል።

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ ታዲያ የትኛው ይሻላል ጋሼ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ አንብብ። «የትኛው» ብቻ እያላችሁ አትጠይቁ። የት እንደምታበሩና ከዚህ በፊት ምን እንዳበረራችሁ ጻፉ።

ጥያቄ (ደምበጫ)፦ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪዬን ሞልቼ ባስቀምጠው ይጎዳል?

መልስ፦ ይጎዳል እታለም። ባትሪው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ለማቆየት ሴሉን 3.8 አካባቢ ላይ አድርጊው። ስታበሪ ከ3.3 በታች አታውርጂው። ያበጠውን ፈጽሞ ቻርጅ አታድርጊ። ጤነኛውንም ቢሆን ሸክላ ድስት ውስጥ፣ ከጨርቅና ከሣር አርቀሽ፣ አጠገቡ ሆነሽ ነው። መብራት ሄዶ ከመጣ ቻርጀሩን አጥፍተሽ እንደገና ጀምሪ። ሊፖ ሲነድ ውኃ ቶሎ አያጠፋውም፤ ቤት ያቃጥላል። ተኝታችሁ ቻርጅ የምታደርጉ ሁሉ ይህን ስሙ።

ጥያቄ (ዳንግላ)፦ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?

መልስ፦ ዓይንህ አጥርቶ እስከሚያየው ብቻ።

ጥያቄ (እንጅባራ)፦ ዋጋውስ?

መልስ፦ ይለዋወጣል፤ ሻጩን ጠይቅ። ስትገዛ ግን ሦስት አራት መለዋወጫ ፕሮፔለር አብረህ ያዝ፤ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው። ፈቃዱን ደግሞ ገንዘቡን ሳትከፍል ጨርስ።