ዎርከሩ የት ገባ?

ጥያቄ፦ በታይፕስክሪፕት (ጃቫስክሪፕት ላይ የታይፕ ፍተሻ የሚጨምር ቋንቋ) እና በቪት (ኮዱን ለድረ-ገጽ አጠናቅሮ የሚያዘጋጅ መሣሪያ) የምሠራው ፕሮጀክት አለኝ። ከባዱን ስሌት ወደ ዌብ ዎርከር (ከገጹ ጎን ለጎን ለብቻው ወደሚሮጥ ስክሪፕት) አወጣሁት። እኔ ኮምፒውተር ላይ ሰላም ነው፣ ቢልድ አድርጌ (የመጨረሻውን ፋይል አዘጋጅቼ) ሰርቨር ላይ ስጭነው ግን ፋይሉ የለም ይላል። ምን ነካው?

መልስ፦ የፋይሉን አድራሻ እንደ ተራ ጽሑፍ ሰጥተኸው ይሆናላ! ቪት ቢልድ ሲያደርግ ዎርከሩን የሚያገኘው «ኒው ዩአርኤል»ን ከ«ኢምፖርት ሜታ ዩአርኤል» (ኮዱ ካለበት ፋይል አድራሻ) ጋር እዚያው «ኒው ዎርከር» ቅንፍ ውስጥ ስትጽፈው ነው፤ መጀመሪያ በቫሪያብል ይዘህ ኋላ ብታቀብለው አያየውም። ሌላው የቢልድ መሣሪያ፣ ዌብፓክ 5ም ያው ነው።

የባሰው ራስ ምታት ግን የታይፕ ፍተሻው ነው። ዎርከር ውስጥ «ዶኪውመንት» (ገጹን የሚወክለው ነገር) የለም፣ ታይፕስክሪፕት ግን የዶም ላይብረሪ (የገጹን ነገሮች የሚያሳውቀው የታይፕ ዝርዝር) ስለተሰጠው ብትጠራውም ዝም ይልሃል። ለዎርከሩ ፎልደር የራሱን ቲኤስኮንፊግ (የታይፕስክሪፕት ማስተካከያ ፋይል) አውጣለትና በ«ዶም» ፋንታ «ዌብዎርከር» አስገባ። ሁለቱን አንድ ላይ? አይሞከርም፣ ይጋጫሉ።