ጎመን የሚተፋው ልጅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ወንድ ልጄ 1 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። በፊት የሰጠሁትን ሁሉ ይበላ ነበር። አሁን ከሽሮ ፍትፍትና ከወተት ሌላ ምንም አይቀምስም። ጎመን ሳጎርሰው ይተፋዋል፣ ካሮት ካየ አፉን ግጥም ያደርጋል። እሱ በግቢው እየሮጠ፣ እኔ ሳህን ይዤ እየተከተልኩ ምሳው 1 ሰዓት ይፈጃል። አማቴ «ተይው፣ ልጅ በወተት ያድጋል» ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ «አፍንጫውን ይዘሽ አጉርሽው» ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አፍንጫ መያዙን እርግፍ አድርገሽ ተይው። ትንታ ያመጣል፣ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላል። ይህ ባይሆን እንኳ ልጁ ከዚያ በኋላ ጎመን ባየ ቁጥር የሚያስታውሰው መታፈኑን ነው።

አሁን ትንሽ ተንፍሺ። ልጅ በመጀመሪያው ዓመት የተወለደበትን ክብደት 3 እጥፍ ያደርሳል። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። እድገቱ ረገብ ሲል የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይቀንሳል። በዚያ ላይ በዚህ ዕድሜ ያልለመዱትን ምግብ መፍራት የብዙ ልጆች ጠባይ ነው። ጎመን ደግሞ መረር ይላል። አንድ ልጅ አዲስ ምግብ ለመቀበል 8 ወይም 10፣ አንዳንዱ እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። አብዛኞቻችን በሦስተኛው ቀን «ይሄ ልጅ አይወድም» ብለን እንተወዋለን፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ወተቱን ለኪው። በቀን ከግማሽ ሊትር ካለፈ ሆዱን ይሞላዋል፣ ምሳ ሲቀርብ አይራብም። የላም ወተት ብረት በጣም ያንሰዋል፣ ወተት ብቻ የሚጠጣ ልጅ ደሙ ሊያንስ ይችላል። አማትሽን በአክብሮት እንዲህ በያቸው፦ «እማማ፣ ወተቱን አልከለክለውም፣ ከምግብ በኋላ አደርገዋለሁ።» ከምሳ በፊት ብስኩትና ሻይም ይቅርበት። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል።

አሁን ወደ ምጣዱና ድስቱ። ከሚያምነው ምግብ ጀምሪ። ሽሮ ይወዳል አይደል? ዱባና ካሮት ቀቅለሽ አድቅቂና መጀመሪያ 1 ማንኪያ፣ በሳምንቱ 2 እያልሽ ሽሮው ውስጥ ጨምሪ። መልኩም ጣዕሙም ብዙ አይለወጥም። ጎመኑን ድቅቅ አድርገሽ ከትፈሽ ከቂጣ ሊጥ ጋር አዋህጂውና ስስ አድርገሽ ጋግሪ፣ በጣት ልክ ቆርጠሽ እጁ ላይ ስጪው። እጁ ላይ ያለ ነገር መጨረሻው አፍ ነው! ቆስጣ በእንቁላል ፍርፍርም ይሄዳል። ቀይ ስር ቀቅለሽ እንጀራውን ብትፈተፍችበት ሮዝ ይሆናል፣ ልጆች ቀለሙን ይወዱታል። በማግስቱ ሽንቱ ቀላ ቢል ከቀይ ስሩ ነው። ካሮት፣ ዱባና ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ የሚሰርገው ቅባት ሲኖር ስለሆነ ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ አድርጊበት። ጎመኑ ላይ ሎሚ ብትጨምቂ ደግሞ ብረቱ በደንብ ይገባል።

ግን ደብቆ ማብላት ብቻውን አይበቃም። ልጁ ካሮት ምን እንደሚመስል ማወቅ አለበት። የእኔ ልጅ ዱባ አልነካም ብላ ሁለት ወር ያህል አስቸግራኛለች። አንድ ቀን ስሰነጥቀው አጠገቤ ቁጭ ብላ ፍሬውን መዛቅ ጀመረች። ፍሬው እየተሟለጨ ከጣቷ ያመልጣታል፣ እሷ ትከተለዋለች፣ እጇ እስከ ክርኗ ቢጫ ሆነ። ሲበስል አንዷን ቁራጭ ጨመቀቻት፣ ላሰቻት፣ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠቻት። ምንም አላልኳትም። በሦስተኛው ቀን ነው የዋጠችው።

ጉርሻችን ፍቅር ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ጠግቦ ፊቱን ላዞረ ልጅ ሲሆን ግን ግዴታ ይሆንበታል። ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ አንቺ ወስኚ። ስንት እንደሚበላ ለእሱ ተይለት። እየተከተልሽ አታብይው፣ መሶቡ ጋ ከእናንተ ጋር ይቀመጥ፣ አባቱ ጎመን ሲበላ ይየው። 20 ወይም 30 ደቂቃ ሲሞላ ሳትቆጪው አንሺ። ቤቱ ጾም ሲሆንም የእሱ እንቁላልና ወተት አይቋረጥ።

ክብደቱ ከቀነሰ፣ ፊቱ ከገረጣ፣ ወይም አፈር መብላት ከጀመረ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ቫይታሚን ኤ በየ6 ወሩ መውሰዱንም እዚያው ጠይቂ።

ጥያቄ፦ እኔ አባት ነኝ፣ ከመራዊ። በቆጋ መስኖ ካሮትና ጥቅል ጎመን አመርታለሁ። የ2 ዓመት ተኩል ልጄ ማሳው ላይ ካሮት ነቅላ ጥሬውን ካልበላሁ ትላለች። ልስጣት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነቅላ መብላት መፈለጓ ደስ ይላል፣ ይህን ፍላጎቷን አትግደልባት። ጥሬ ካሮት ግን ጠንካራ ነው፣ 4 ዓመት ላልሞላው ልጅ ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሮ ሊያንቅ ይችላል። በደንብ አጥበህ በሞረድ ፍቀህ ስጣት፣ ወይም እስኪለሰልስ ቀቅለህ በቁመቱ ሰንጥቀው። ስትበላ ትቀመጥ እንጂ አትሩጥ። የተባይ መድኃኒት የተረጨበት መደብ ከሆነ ደግሞ ከርጭት በኋላ እንዲጠበቅ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው የቀን ብዛት ሳይሞላ እንዳትነቅል፣ እሷ የምትነቅልበትን ያልተረጨ አንድ መደብ ለይላት።